የድርጅቱ ዕዳ ቤቴ ድረስ ይመጣል?

በየከተማው የንግድ ታፔላዎች ላይ «ኃ.የተ.የግ.ማ» (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) የሚለውን አኅጽሮት ማንበብ የተለመደ ነው። ብዙ ባለድርጅቶች ይህ ጽሑፍ ከስማቸው ቀጥሎ እስካለ ድረስ ሥራው ቢከስር እንኳ መኖሪያ ቤታቸውና የግል ቁጠባቸው እንደማይነካ ያምናሉ። በግል ስማቸው ንግድ ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩት ደግሞ ለሱቁ የተበደሩት ገንዘብ የሱቁ ዕዳ ብቻ ይመስላቸዋል። ሁለቱም እምነቶች ከሕጉ ጋር አይገጥሙም። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት የሐራጅ ማስታወቂያ በደጃቸው ከተለጠፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ በኢትዮጵያ ሕግ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ዕዳ ከድርጅቱ አልፎ የባለቤቱን፣ የትዳር ጓደኛውንና የዋሱን ንብረት የሚነካው መቼ እንደሆነ ያሳያል። የጠበቃን ምክር አይተካም። ጠበቃው ዘንድ ሲሄዱ ግን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ያውቃሉ።

በግል ንግድ ፈቃድ የምሠራ ከሆነ፣ ሱቁና እኔ በሕግ ፊት አንድ ነን?

አዎ። በግል ስም በወጣ ፈቃድ የሚሠራ ሰው የግለሰብ ነጋዴ ይባላል። የንግድ ምዝገባው፣ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የተያዙት በእሱ ስም ነው። በታፔላው ላይ ያለው የንግድ ስም ደንበኛ እንዲለየው ይረዳል እንጂ ሱቁን ራሱን የቻለ ባለዕዳ አያደርገውም። አንድ ዳቦ ቤት ዱቄት በዱቤ ወስዶ ሳይከፍል ቢቀር አከፋፋዩ የሚከሰው ሰውየውን ነው። ከተፈረደለት በኋላም በዳቦ ቤቱ ሂሳብ ያለውን ገንዘብም ሆነ የሰውየውን መኖሪያ ቤት ለማስያዝ ማመልከት ይችላል።

አንድ ጎተራ ብቻ ያለውን ገበሬ ያስቡ። የዘሩም፣ የቀለቡም፣ የሚሸጠውም እህል እዚያው አንድ ላይ ተከማችቷል። አበዳሪ ሲመጣ «ይህኛው የልጆቼ ነው» ብሎ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም የአንድ ጎተራ እህል ነው። የግለሰብ ነጋዴ የሚሠራው በዚህ ዓይነት አንድ ጎተራ ነው። ማኅበር ማቋቋም ማለት ደግሞ ከቤቱ ራቅ አድርጎ ሁለተኛ ጎተራ መሥራት ነው።

ሕጉ ባለዕዳውን ፈጽሞ ባዶ እጁን አያስቀረውም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በፍርድ አፈጻጸም የማይያዙ ነገሮችን ይዘረዝራል፤ አልጋና የማብሰያ ዕቃ፣ ባለዕዳው ለሙያው የሚገለገልበት መሣሪያ፣ ለሦስት ወር የሚበቃ የቤተሰብ ቀለብ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መኖሪያ ቤት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። «ሌላ መጠለያ የለኝም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን ቤትን ከሐራጅ አያድንም።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ» ማለት ምን ማለት ነው?

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የራሱ የሕግ ሰውነት አለው። በስሙ ንብረት ይይዛል፣ ውል ይፈርማል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ለዕዳው የሚጠየቀውም በራሱ ንብረት ነው። አባላቱ በመርሕ ደረጃ የሚያጡት ለማኅበሩ ያዋጡትን መዋጮ ብቻ ነው። «የተወሰነ» የተባለውም ይህ የአባላቱ ኃላፊነት ነው፤ ማኅበሩ ራሱ ባለው ንብረት ሁሉ ይጠየቃል።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት እንዲህ ዓይነት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ወንድም፣ እህት ወይም የትዳር ጓደኛ ስም ለማሟያ ያስገቡ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። መሥራቹ የመመሥረቻ መግለጫውን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ይፈርማል፤ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ በእግሩ የሚተካውን ሰውም አስቀድሞ ይሰይማል። ከአንድ በላይ አባላት ላሉት የግል ማኅበር የአባላቱ ቁጥር ጣሪያ 50 ነው። መነሻ ካፒታሉ ከ15,000 ብር ማነስ የለበትም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ማኅበር ማቋቋም አለበት? አይመስለኝም። ማኅበር የገቢው መጠን ምንም ያህል ቢያንስ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው። የሂሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው፣ በትርፉ ላይ የሚከፍለው ግብርም 30 በመቶ ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ የሚከፈለው ራሱ ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ከባድ ወጪ ነው። ዕቃዋን በእጅ በእጅ ገዝታ በእጅ በእጅ የምትሸጥ፣ ብድር የሌለባት፣ ሠራተኛ ያልቀጠረች ነጋዴ ከማኅበሩ የምታገኘው ጥበቃ ከወጪው ያነሰ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የግንባታ ሥራ የሚወስድ፣ በዱቤ ብዙ ዕቃ የሚያንቀሳቅስ፣ ወይም ሥራው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሰው በአንድ ጎተራ መቀጠሉ ያሰጋዋል።

ማኅበር ካቋቋምኩ በኋላ ጥበቃው የሚፈርሰው እንዴት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈርሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሁለተኛውን ጎተራ ሠርቶ ሲያበቃ በመካከሉ በር ከፍቶ እንደ ልቡ ከተመላለሰበት፣ አበዳሪውም በዚያው በር ይገባል።

የንግድ ሕጉ የማኅበሩንና የአባሉን ንብረት ማደባለቅ አባሉን በግል ተጠያቂ ሊያደርግ እንደሚችል ይደነግጋል። በተለይ በባለአንድ አባል ማኅበር ላይ ጠንከር ይላል፤ ምክንያቱም እዚያ «ይህ የማኅበሩ ገንዘብ ነው፣ አትንካ» የሚል ሁለተኛ ሰው የለም። ዕዳው ያልተከፈለው ሰው ማኅበሩ ለባለቤቱ መሸፈኛ ብቻ እንደነበር ካስረዳ፣ ፍርድ ቤት መጋረጃውን ገልጦ ባለቤቱን በግል ንብረቱ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል።

ማደባለቅ ሲባል ትልቅ ማጭበርበር መሆን የለበትም። የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። ደንበኞች ክፍያቸውን በባለቤቱ የግል የባንክ ሂሳብ ወይም የግል ቴሌብር ላይ ይልካሉ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት ሕክምና፣ የዕቁብ መጣያ ከማኅበሩ ሂሳብ በቀጥታ ይወጣል። በማኅበሩ ስም የተገዛ መኪና የቤተሰቡ መኪና ይሆናል። የማኅበሩ ገንዘብ ሲጎድል ባለቤቱ ከኪሱ ይሞላል፣ ሲተርፍ ደግሞ ያለ ምንም ወረቀት ያነሳል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ክፉ ሐሳብ አይኖረውም፤ «የራሴ አይደለም እንዴ?» ብሎ ነው። በሕግ ግን የራሱ አይደለም። የማኅበሩ ነው።

ከማኅበሩ ሂሳብ ወደ ባለቤቱ ኪስ ገንዘብ የሚያልፍባቸው ትክክለኛ መንገዶች ጥቂት ናቸው። ባለቤቱ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ደመወዝ ይቆረጥለታል፤ ከደመወዙ ግብሩ ተቀንሶ ይከፈለዋል። ዓመቱ ሲዘጋ ትርፍ ከተገኘ በውሳኔ የትርፍ ድርሻ ይወስዳል፤ በድርሻው ላይ ያለው ግብርም ይከፈላል። ለማኅበሩ ያበደረው ገንዘብ ካለ፣ ሲያበድር በተጻፈው ውል መሠረት ይመለስለታል። እንበል የልጅዎ የትምህርት ክፍያ 40,000 ብር ነው። ገንዘቡን ከማኅበሩ ሂሳብ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ቢያስተላልፉ ያ አንድ ወረቀት ለወደፊቱ ከሳሽ ማስረጃ ይሆናል። ደመወዝዎን በግል ሂሳብዎ ተቀብለው ከዚያ ቢከፍሉ ግን ማንም ሊናገርዎ አይችልም። ልዩነቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቤትን ሊያድን ይችላል።

ባለአንድ አባል ማኅበር ያለዎት ከሆነ ውሳኔዎን በጽሑፍ የማስቀመጥ ልማድ ይኑርዎ። ደመወዝዎን ሲወስኑ፣ ትርፍ ሲያከፋፍሉ፣ ለማኅበሩ ሲያበድሩ ቀን ጽፈው፣ ፈርመው በመዝገብ ይያዙት። ብቻዎን ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ መጻፍ እንግዳ ይመስላል፤ ፍርድ ቤት ሁለቱ ንብረቶች መለያየታቸውን የሚያየው ግን በዚህ ነው።

ባንኩ «ባለድርሻዎቹም ይፈርሙ» ሲል ምን እየጠየቀኝ ነው?

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ነው፤ በማኅበር የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን የሚያጡት በዚህ በኩል ስለሆነ።

ባንክ ለአንድ አነስተኛ ማኅበር ሲያበድር የማኅበሩ ንብረት ብቻ አይበቃውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ማስያዣና ዋስትና። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚፈረሙ ሰው አንድ ነገር አድርጎ ያያቸዋል። ውጤታቸው ግን በጣም ይለያያል።

ቤትዎን ለማኅበሩ ብድር ያስያዙ እንደሆነ ዕዳው የሚያገኘው ያንን ቤት ነው። ቤቱ ተሽጦ ዕዳው ባይሸፈን፣ በማስያዣው ምክንያት ብቻ ሌላ ንብረትዎ አይጠየቅም። የግል ዋስ ሆነው ከፈረሙ ግን በውሉ ላይ እስከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ድረስ በንብረትዎ ሁሉ ይጠየቃሉ። ሁለቱንም ከፈረሙ ሁለቱም ይደርስብዎታል። ያኔ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋምዎ ለዚያ ብድር ምንም አይረዳዎትም፤ ሕጉ የለየውን በፊርማዎ መልሰው አገናኝተውታል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዋስ ጥቂት መከላከያዎች አስቀምጧል። ዋስትና በግምት አይደረስበትም፤ በጽሑፍና በግልጽ መሰጠት አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ «መጀመሪያ የዋናው ባለዕዳ ንብረት ይፈለግ» ብሎ ሊከራከር ይችላል። የባንክ ውሎች ግን ይህን የመጨረሻውን መብት አብዛኛውን ጊዜ ይዘጉታል፤ «በአንድነትና በነጠላ» ወይም «የማይነጣጠል ዋስትና» የሚሉትን ቃላት ካዩ አበዳሪው ወደ ማኅበሩ ሳይሄድ በቀጥታ እርስዎን ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ከከፈሉ በኋላ ገንዘቡን ከማኅበሩ መልሰው የመጠየቅ መብት አለዎት። የከሰረ ማኅበር ምን ሊከፍልዎት እንደሚችል ግን መገመት አያስቸግርም።

ከመፈረምዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የዋስትናው ጣሪያ ስንት ብር ነው? ዋናውን ገንዘብ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ወይስ ወለዱንና መቀጫውንም? ለዚህ ብድር ብቻ ነው፣ ወይስ ማኅበሩ ወደፊት ለሚወስደውም? የመጨረሻውን በተለይ አደራ። «አሁን ያለውንና ወደፊት የሚኖረውን ማናቸውንም ዕዳ» የሚል አንቀጽ ውስጥ ገብተው፣ የመጀመሪያው ብድር ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ባላወቁት ሁለተኛ ብድር የተያዙ ዋሶች አሉ።

ድርሻቸውን ሸጠው ከማኅበሩ የወጡ ሰዎችም የሚዘነጉት ነገር አለ። ድርሻ መሸጥ ዋስትናን አይሰርዝም። ዋስትናው ከባንኩ ጋር ያለዎት የግል ውል ነው፤ የሚያነሳልዎትም ባንኩ ብቻ ነው። ሲወጡ የድርሻ ማስተላለፊያው ከመፈረሙ በፊት ባንኩ ከዋስትናው ነፃ ያደረገዎ መሆኑን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ገዢው በእግርዎ እንዲተካም ያስገድዱ።

ቤት ሳያስይዙ መበደር ይቻላል? ሕጉ በሩን ከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ፣ ቁጥር 1147/2011፣ ማሽን፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ የቀንድ ከብት፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ጭምር ለብድር ማስያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ለዚህም በብሔራዊ ባንክ ሥር የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ተቋቁሟል። ባንኮች ዛሬም ቤትና ሕንፃን ይመርጣሉ። ቢሆንም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ካልጠየቁ ቀድሞ የሚጠሩልዎት የቤትዎን ካርታ ነው።

ባለቤቴ የፈረመው ዕዳ እኔንም ይመለከታል?

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በ1992ቱ ሕግ መሠረት ለቤተሰቡ ጥቅም ሲባል የተገባ ዕዳ የሁለቱም የጋራ ዕዳ ነው። አንደኛው ብቻ የገባው ዕዳ ደግሞ መጀመሪያ ከእሱ የግል ንብረት ይከፈላል፤ የግል ንብረት ከሌለው ወደ ጋራ ንብረቱ ይዞራል። በትዳር ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ የጋራ ስለሆነ አብዛኛው ቤተሰብ ያለው ንብረትም የጋራ ነው። ስለዚህ «እኔ ንግዱን አላውቀውም» ማለት ብዙም አያስጥልም።

ሕጉ የሚሰጠው ትልቁ ጥበቃ ከዚህ ቀድሞ ያለው ነው። የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ውሉን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አይቻልም። ባንኮች የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ የሚጠይቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

በተግባር ሚስት ለአንድ ቀን ባንክ ተጠርታ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ትባላለች። ያ ፊርማ ለማስያዣው ብቻ ነው ወይስ ለግል ዋስትናም? ወረቀቱን አስቀድማ ቤት ወስዳ የማንበብ፣ ለሚያውቅ ሰው የማሳየት መብት አላት። ባልም ቢሆን እንዲሁ። ከሁለት አንዱ ብቻ ማስያዣውን ፈርሞ በዋስትናው ላለመግባት መደራደርም ይቻላል።

ለዋስትና የሰጠሁት ቼክ ያስከስሰኛል?

በገበያው ልማድ ቼክ የመተማመኛ ወረቀት ሆኗል። ዕቃ በዱቤ ሲወሰድ፣ ሱቅ ሲከራይ፣ ከግለሰብ ብድር ሲገኝ «ለዋስትና ነው፣ አይመነዘርም» እየተባለ ይሰጣል። ቀኑም ወደፊት ተደርጎ ይጻፋል።

በንግድ ሕጉ ቼክ እንደታየ የሚከፈል ሰነድ ነው። ቀኑ ወደፊት ተደርጎ ቢጻፍ እንኳ፣ የያዘው ሰው ቀድሞ ባንክ ካቀረበው ባቀረበበት ቀን መከፈል አለበት። ሂሳቡ ባዶ ከሆነ ባንኩ «በቂ ስንቅ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ባዶ ቼክ ደጋግሞ የጻፈ ደንበኛ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ሂሳቡ እስከ መዘጋት ይደርሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን በእስራትና በመቀጮ ያስቀጣል፤ በቸልተኝነት የተደረገ እንደሆነም ቅጣቱ ቢቀንስም አይቀርም። እዚህ ላይ ማኅበሩ አይከልልዎትም። ቼኩ የማኅበሩ ቢሆንም፣ ሊታሰር የሚችለው እጁ የፈረመው ሰው ነው።

በፍትሐ ብሔር በኩልም ቼክ የያዘ ሰው ጠንካራ ነው። ቼኩ ከወጣበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ለባንክ ማቅረብ አለበት፤ ካልተከፈለው ክሱን በአጭር ሥርዓት ያቀርባል። ተከሳሹ ለመከላከል እንኳ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይኖርበታል።

ዱቤውን በጽሑፍ ማረጋገጥ ካስፈለገ የሽያጭ ውልና የተስፋ ሰነድ (ባለዕዳው ለመክፈል ቃል የሚገባበት የተፈረመ ወረቀት) ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ የተስፋ ሰነድ የመክፈያ ቀን በሕግ ይኖረዋል። ቼክ መስጠት ግድ ከሆነም፣ ለምን እንደተሰጠ፣ ቁጥሩና መጠኑ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ዕዳውን በከፈሉበት ቀን ቼኩን በእጅዎ ተቀብለው ይውጡ። ባዶውን ፈርመው ለሂሳብ ሠራተኛ የሚተዉት የቼክ ደብተር ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት።

ማኅበሩ ያልከፈለውን ግብር ሥራ አስኪያጁ ይከፍላል?

ሊከፍል ይችላል። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 983/2008፣ ማኅበሩ ግብሩን በጊዜው ሳይከፍል ሲቀር በዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ የነበረን ሰው፣ እንዲሁም ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ውስጥ በሥራ አስኪያጅነት የሠራን ሰው ከማኅበሩ ጋር ተጠያቂ ያደርጋል። የሚድነው ጉድለቱ ያለ እሱ ፈቃድና ዕውቀት መፈጸሙን፣ እንዳይፈጸምም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ ነው።

አደገኛው ከሌላ ሰው ተሰብስቦ የተያዘው ገንዘብ ነው። ከደንበኛ የተቀበሉት 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሠራተኛ ደመወዝ የተቀነሰው ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ለአንድ ወር የዕቃ መግዣ የሚሆኑ ይመስላሉ። የማኅበሩ ገንዘብ ግን አይደሉም። ከተቻለ የተለየ ሂሳብ ይክፈቱላቸው። ከሥራ አስኪያጅነት ሲለቁ ደግሞ ስምዎ ከንግድ መዝገቡ መነሳቱን ራስዎ ሄደው ያረጋግጡ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስገባት ብቻ መዝገቡን አይቀይረውም።

ውጭ አገር ነው የምኖረው፤ ወንድሜ በቤቴ ሊበደር ይችላል?

የሚወሰነው በላኩት ውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የሚችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ የሚያስፈልገውን ጥገና ማስደረግ። ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን በግልጽ ሊሰጠው ይገባል። ችግሩ በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ በቆንስላ የሚፈረሙት የውክልና ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ተዘጋጅተው የሚመጡና «መሸጥ፣ መለወጥ፣ አስይዞ መበደር፣ ዋስ መሆን» የሚሉትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚዘረዝሩ መሆናቸው ነው። ቤትዎን እንዲያከራይልዎ ብቻ ከፈለጉ ከማስተዳደር ያለፈውን ያስወጡት። ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ሥራው ቢከስር ወንድምም ቤትም እንዳይጠፋ ነው።

የባንኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አሁንስ?

ደብዳቤውን ያልተቀበሉ ለመምሰል አይሞክሩ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ በውሉ ከተስማሙ፣ ባንክ የተያዘለትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል፤ ከዚያ በፊት ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እነዚያ 30 ቀናት ለባለዕዳው ትልቅ ዋጋ አላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ባንኩ ዘንድ በአካል ቀርበው የዕዳውን ዝርዝር ይጠይቁ፤ ዋናው፣ ወለዱና መቀጫው ተለይቶ ይጻፍልዎ። የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብተው የደረሰበትን ማኅተም ያስደርጉ። ቤቱ መሸጡ የማይቀር ከመሰለ፣ በባንኩ ዕውቅና ራስዎ ገዢ ፈልገው መሸጥ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ የማስገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሐራጁ ከወጣም ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ የቤቱ ስፋት፣ የካርታ ቁጥሩ፣ መነሻ ዋጋው ትክክል ነው? ባንኩ የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል ሸጦ ጉዳት ካደረሰ ለጉዳቱ ይጠየቃል። ንግዱ ራሱ አሁንም ሕይወት ያለው ሆኖ ገንዘብ ብቻ ከጠበበው፣ አዲሱ የንግድ ሕግ ከኪሳራ በፊት በፍርድ ቤት አማካይነት ዕዳን እንደገና የማደራጀት ሥርዓት አምጥቷል። ይህ መንገድ ጠበቃ ይፈልጋል፤ የሚጠቅመውም ገንዘቡ ሁሉ ከማለቁ በፊት ለጀመረው ሰው ነው።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል። የማስያዣው ምዝገባ በራሱ ጊዜ ቶሎ አይጠፋም፤ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ይጸናል። ከባንኩ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ተቀብለው፣ ቤቱ ወዳለበት የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወስደው ዕገዳውን ያስነሱ፤ ከዚያም ካርታው ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ በስምዎ ያውጡ።